ፈረስ የሌለው ባልደራስ

አምብሮዝ ፔክ ባልደራስ ነው፤ ፈረስ ግን የለውም።

ፈረሱ ብራምብል የሞተው እመቤቱ ዊኒፍሬድ ባላቸውን ሊቀብሩ ለንደን በሄዱበት ሳምንት ነው። አምብሮዝ ከአትክልቱ የድንጋይ ግንብ ሥር ጉድጓድ ምሶ ቀበረው። እመቤቲቱ ጥቁር ለብሰው ተመልሰው «ብራምብል እንዴት ነው?» ሲሉት፣ በሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነውር መሰለውና «ደህና ነው፣ እመቤቴ» አለ። ይኸው ሃያ ዓመት፣ በየማለዳው ይጠይቁታል፣ እሱም ደህና ነው ይላል። ባዶውን የድንጋይ ጋጣ ይጠርጋል፣ ገለባ ይጎዘጉዛል፣ ከጋጣው በላይ ባለችው ክፍል ያድራል። ብራምብል ማቱሳላን ሊያክል ምንም አልቀረው።

እኔ የቤቱ ወጥ ሠሪ ነኝ። አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ «ሰው እንዴት ይህን ያህል ይዋሻል?» አልኩት።

«ምን ላድርግ፣ ማርጀሪ? መናገሪያው ቀን አለፈኝ።»

ጉዱ የመጣው የእመቤቲቱ ወንድም ልጅ ሩፐርት ጋጣውን ለጎብኚዎች ሻይ ቤት ላድርገው ብሎ ሲነሳ ነው። አምብሮዝ ሥራውንም ማደሪያውንም ሊያጣ ሆነ።

«ፈረሱስ የት ይሂድ?» አሉ እመቤቲቱ።

ሩፐርት ሄዶ አይቶ ተመለሰ። «አክስቴ፣ ፈረስ እኮ የለም።»

«ቀስ በል እንጂ፣ አምብሮዝ ይሰማሃል። ግንቡ የጎበጠ ዕለት አውቄያለሁ። ሁለት መቶ ዓመት የቆመ ግንብ ሥሩን ፈረስ የሚያህል ጉድጓድ ካልቆፈሩበት በአንድ ሳምንት አይጎብጥም። ግን ምን ልበለው? ያፍርብኛል።»

ሻይ ላቀርብ ገብቼ ይህን በጆሮዬ ሰማሁ። እኛ እንግሊዞች እንዲህ ነን፤ ሰው ከምናሳፍር የሌለ ፈረስ እንቀልባለን።

ሩፐርት ግን ችኩል ነው። አምብሮዝን «ነገ ራስህ ንገራቸው፤ አለዚያ እኔው በፊትህ እናገራለሁ» አለው።

በማግስቱ አምብሮዝ ኮፍያውን አውልቆ ጽጌረዳ ከሚከረክሙት እመቤት ፊት ቆመ። አንጀቴን በላው።

«ብራምብል እንዴት ነው?»

«ሞተ፣ እመቤቴ።»

መቀሳቸውን አስቀመጡ። «አዝናለሁ፣ አምብሮዝ። መቼ?»

«ቆየት... ቆየት ብሏል።»

አጠገባቸው የቆመው ሩፐርት ጋጣውን ሊለካ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

«እንግዲህ ሌላ መግዛት ነዋ» አሉ እመቤቲቱ። «እንደ ብራምብል ጸጥ ያለ ይሁን እንጂ።»

አምብሮዝ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ፈልጌ አላጣም፣ እመቤቴ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሳልፍ፣ ባዶው ጋጣ ውስጥ ለአዲሱ ፈረስ ገለባ ሲጎዘጉዝ አገኘሁት።