ዳኛዋ ለተከሳሿ ስትነሣ

ዛሬ ጉለሌ፣ በቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ፣ ዳኛዋ ለተከሳሿ ከወንበሯ ብድግ አለች።

ዳኛዋ ጥሩነሽ ናት፤ እትዬ በላይነሽ ቤት አሥር ዓመት በገረድነት የኖረችው። ባለፈው ወር እኛው መረጥናት። ተከሳሿ ደግሞ እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ የግቢያቸውን ቧንቧ ቆልፈው ጎረቤቱን ውሃ ከልክለዋል።

እትዬ ሲገቡ ጥሩነሽ እንደ ልማዷ ተነሣች፤ እኛም ተከትለን ተነሣን። (እኔማ ለማን እንደተነሣሁ እስካሁን አላወቅሁም።)

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አለች ቀስ ብላ። «የቧንቧውን ቁልፍ ግን ዛሬውኑ ያስረክባሉ።»



እትዬ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እሺ፣ ጓድ ዳኛ» አሏት፤ አሥር ዓመት ሙሉ «አንቺ» ሲሏት የኖሩትን ሴት።

አዋጅ ቤት ሲወርስ አይቻለሁ። የሰው አፍ ሲለውጥ ግን ገና ዛሬ አየሁ። እናንተስ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ያየ አለ? እስቲ አጫውቱኝ።