ለእናቴ ያነበብኩላት ግጥም

ሱሉልታ ውስጥ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ባለፈው ነሐሴ እህቴን ወሰዳት። ሰው ሁሉ ደራሽ ጎርፍ ነው አለ። እኔም ደብተሯን እስካገኝ ድረስ እንደዚያው እል ነበር።

ደብተሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ የጻፈቻቸው ግጥሞች ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ እንግሊዝኛዬ ግን ይንቀረፈፋል። አንዱን ግጥም በመዝገበ ቃላት ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ግጥሙ ውስጥ በቀትር፣ ውሃው ጸጥ ሲል፣ ጸጉሯ አረንጓዴ የሆነ ሴት ከሥሩ ብቅ ትላለች። ነይ ትላታለች። እህቴም፣ "ከልጅነቴ ጀምሮ ስሙን የማላውቀው ነገር ይናፍቀኛል፣ እታች አንቺ ዘንድ ሳይሆን አይቀርም፣ መጣሁ" ትላለች።

ጎርፉ ባይሆንስ? ራሷ ገብታ ቢሆንስ?

እናቴ ማንበብ አትችልም። ደብተሩን እጄ ላይ አየችው።

"ኮቱ፣ ና፣ እዚህ ቁጭ በል። ምን ትላለች?"

"ግጥም ነው፣ እማ። ስለ ወንዙ።"

"አንብበዋ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለመቼ ነው?"

አነበብኩላት። ሴትዮዋ ደግ ናት አልኩ። "እናትሽ ትጠብቅሻለች፣ ቤትሽ ግቢ" ብላ መለሰቻት አልኩ። እናቴ የመጨረሻው መስመር ላይ ጣቷን አድርጋ፣ "ቤቷ ገባች የሚለው እዚህ ጋ ነው?" አለችኝ።

አዎ አልኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንብብልኝ ትል ጀመር። ውሸቴ እንዳይዛባብኝ በአማርኛ ጻፍኩት።

አርባዋ በወጣ ማግስት አክስቴን ወደ ቡራዩ ሸኝቼ ስመለስ እናቴ ቤት አልነበረችም። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ቁልቁል ሮጥኩ። በቀትር ወንዝ ውስጥ ጋኔን አለ እያለች ያሳደገችን ሴት፣ መሻገሪያው ላይ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

"እማ፣ ተነሺ።"

"ምን ያስፈራሃል? ደግ ናት አላልክም? ልጄን ለምን መልሳ እንዳልላከቻት ልጠይቃት ነው።"

እጇን ያዝኩ።

"እንደዚያ አይልም፣ እማ። ዋሽቼሽ ነው።"

ዞራ አላየችኝም።

"እንግዲያው የጻፈችውን ንገረኝ።"

"መጀመሪያ ውጪ።"

"ንገረኝ፣ እወጣለሁ።"

እያንዳንዱን መስመር ነገርኳት። መጣሁ የሚለው ጋ ስደርስ እጇን በሁለት እጄ ያዝኩ።