ዱቄት የነካው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት አራዳ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ሳልፍ፣ መብራት ጠፍቶ ኖሮ አንድ ወፍጮ ቤት በናፍታ ሞተር ይፈጫል። የጋለ ዱቄትና የናፍታ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ባለሁበት ቀጥ አልኩ። እትዬ የሺ፣ ቅንድቧ ሳይቀር በዱቄት ነጥቶ፣ ከበሩ ብቅ የምትል መሰለኝ።

እትዬ የሺ ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ብቸኛውን ወፍጮ የያዘች መበለት ነበረች። ሞተሩን ራሷ አዙራ ታስነሳዋለች፤ ቢቆምም እሷ መጮኋን አትተውም። የወረዳው ሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ጥቁር ቦርሳዋን አንግታ ስትመጣ ደግሞ ክርክራቸው ከሞተሩ ይብሳል። ከአንድ ሳህን ቆሎ እየዘገኑ ይጣላሉ።

«አንቺ ትርንጎ፣ መንግሥት ማለት ኮት የለበሰ ባል ነው» ትላለች እትዬ የሺ። «ባሌ ጥርሴን ሲያወልቀው ጣቢያ ብሄድ ‹ሂጂና ታረቂ› ብለው መለሱኝ። ያስጣሉኝ የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ ዘነዘናቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆሙ።»

«እኔን በአሥራ አንድ ዓመቴ ሲድሩኝ የሰፈሩ ሴቶች እልል ነው ያሉት» ትመልሳለች ትርንጎ። «ከባሌ ስለያይ መሬቴን ያስከበረልኝ፣ ፎቶዬ ከሱ ፎቶ ጎን የተለጠፈበት የመንግሥት ደብተር ነው። ዘነዘና አይደለም!»

እኔ እህሌን ይዤ ተራዬን እየጠበቅኩ እስቅ ነበር። ነገሩ ዞሮ በእኔ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል ነኝ። አባቴ ሽማግሌ ተቀብሎ ቃል ሰጥቷል። ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም፤ ያወቅኩት እናቴ ግቢውን ሙሉ ብቅል ስታሰጣ ነው። ብቅሉን ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ስደርስ እትዬ የሺ እጇን ጆንያው ውስጥ ከተተች፤ አሸተተች።

«ይኸ ሁሉ ብቅል? የማን ድግስ ነው?»

እግሬን አየሁ። እሷም አየችኝ። ሞተሩን አጠፋችው። ሰፈሩ ጭር አለ። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘውን ቺንጋ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

«ለአባትሽ ወፍጮው ታሟል በይው።»

አባቴ ሲሰማ ደም ሥሩ ተገታተረ። «ማክሰኝት ወፍጮ የለም ብላ ነው? ነገ ጠዋት አህዮቹን እጭናለሁ!»

ያን ከሰዓት ትርንጎ፣ እትዬ የሺ ልካባት፣ ወፍጮ ቤት መጣች። «ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«አባቷን አሳስረሽ ከዚያስ? ፖሊሱ ሲሄድ ይች ልጅ የምትገባው እዚያው ቤት ነው። ‹አባቷን ያሳሰረች› እየተባለች ትኑር?»

«ታዲያ እንዳንቺ ቺንጋ ተሸክሜ ልቀመጥ? ሰውየው ማክሰኝት ሊሄድ ነው፣ የሺ! ያንቺ ወፍጮ ቢቆም የሱ ድግስ አይቆምም።»

ለነገው ጭነት ጆንያ ልዋስ ተልኬ፣ ባዶውን እንደያዝኩ መሐላቸው ቆሜያለሁ። እትዬ የሺ ቺንጋውን ከትከሻዋ አወረደች። በማላውቀው ዝግ ያለ ድምፅ፣ «ዕድሜዋ ስላልደረሰ ጋብቻው ተከልክሏል ብለሽ ወረቀት ጻፊ። ማኅተም አድርጊበት። የማደርሰው ግን እኔ ነኝ» አለች።

«እምቢ ቢልስ?»

«ያኔ ፖሊስሽን አምጪ። አልከለክልሽም።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አህዮቹ ተጭነው ሊነሱ ሲሉ፣ እትዬ የሺ በራችን ላይ ተገትራ አየናት።

«ዞር በይ፣ የሺ!» አለ አባቴ፣ አለንጋውን እንደያዘ።

«አያ ታደሰ፣ ይኸን ወረቀት ለአማቾችህ አሳያቸው። ዕድሜዋ አልደረሰም ብሎ መንግሥት ከለከለኝ በላቸው። ቢጠሉ መንግሥትን ይጥሉ፤ አንተን ምን አድርገሃል ይሉሃል?»

አባቴ ማንበብ አይችልም። ሐምራዊውን ማኅተም ብቻ ትኩር ብሎ አየው። እናቴ ከኋላ ነጠላዬን ጨምድዳ ይዛለች።

«እውነት መንግሥት ነው ያለው?» አለ አባቴ።

«መንግሥት ነው» አለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ መንግሥትን ያላመነችው ሴት፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

አንዱ አህያ ጆሮውን አራገፈ። አለንጋው ቀስ ብሎ ወረደ።

«አራግፉ!» አለ አባቴ።

ነገሩ በሸጋ አለቀ ማለት አልችልም። አባቴ ለአማቾቹ የተባለውን ቢነግርም፣ በሩ ላይ የቆመችበት ማን እንደሆነች ያውቃልና እስኪሞት እትዬ የሺን ሰላም አላላትም። ለድግሱ ብሎ ካስቀረኝ ትምህርት ቤትም አልመለሰኝም፤ ወረቀቱ ስለ ትምህርት ያለው ነገር አልነበረም። እትዬ የሺ ናት ወፍጮ ቤቷ ያስገባችኝ። ንባቤን ያፈጠንኩት እዚያ፣ በየጆንያው ላይ የታተመውን ፊደል እየቆጠርኩ ነው።

ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ትርንጎ «ያዳናት ማኅተሙ ነው» ስትል፣ የሺ «በፖሊስ እጅ ቢመጣ ኖሮ ቀዶ ይጥለው ነበር» ትላለች። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

እትዬ የሺ ካረፈች ቆየች። ደብዳቤው እኔ ዘንድ ነው። እናቴ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደብቃው ስለኖረች ጥጉን ነቀዝ በልቶታል። በፊቱ የትርንጎ ማኅተም አለ፤ በጀርባው የእትዬ የሺ አውራ ጣት አሻራ፣ በላብ የተለወሰ ዱቄት ደርቆ። አሁን ከልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በገለጥኩት ቁጥር ጭኔ ላይ ትንሽ ዱቄት ይረግፋል። ዱቄቱ እንዳያልቅ ስል ቀስ ብዬ ነው የምገልጠው።