ዕድሜው በድምፅ ብልጫ የጸደቀው ሥዕል

ሮማነወርቅ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ናት። አባቷ ድር ሲያደራ ክር ስትቆጥርለት ስላደገች ዓይኗ ጥቃቅን ነገር አይስትም። በዚሁ ዓይኗ አርባ ምንጭ ባለ አንድ ትንሽ የቅርስ ምዝገባ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንስራ፣ ጦርና የጎበጠ በር ስትመዘግብ ኖራለች። የመዘገበችው ሁሉ ልክ ስለሆነ ብዙም አላስመሰገናትም።

አምና ቢሮው ሲቀየር ከመደርደሪያ ኋላ በላስቲክ የተጠቀለለ ሥዕል ተገኘ። በመዳብ ዝርግ ላይ በመርፌ ተጭሮ በጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ የታተመ የከተማዋ መንገድ ነው። ኃላፊው አቶ ደግፌ ጉባኤ ደርሶባቸው፣ የሚያሳዩት አዲስ ግኝት አጥተው ሲጨነቁ ነበርና ገና ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ይሄ መቶ ዓመት ያልፈዋል» አሉ።

«አቶ ደግፌ፣ ከተማዋ ራሷ እኮ መቶ ዓመት አልሞላትም።»

«ሥዕሉ ሊቀድም ይችላላ።»

ሮማነወርቅ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ጥግ ጥጉን ፈተሸች። በስተግራ ሸራ የለበሰ ነገር ቆሟል። «ባጃጅ ነው» አለች። አቶ ደግፌ ጎንበስ ብለው አዩና «ባለ ሦስት እግር ሰረገላ ብለሽ መዝግቢ» አሏት። ከአንድ ደጃፍ በላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ማንም ማንበብ አልቻለም። አቶ ደግፌ የሰበሰቡት የቅርስ ኮሚቴ «ያልታወቀ ጥንታዊ ፊደል» ብሎ ቃለ ጉባኤ ያዘ። እሷ ከቦርሳዋ መስታወቷን አውጥታ ፊት ለፊቱ ብትይዘው «ኤርጫፎ ዓሣ ጥብስ» ይላል። መዳብ ላይ የተጻፈ ሲታተም ይገለበጣል።

በምሳ ሰዓት ወደ ታችኛው ሠፈር ወደ ሲቀላ ወረደች። ኤርጫፎ እዚያው ደጃፉ ላይ ዓሣ ይሰነጥቃል። ቤቱን ማን እንደሣለው ጠየቀችው። «ያን ጊዜ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ መዳብ ሲጭር ይውል የነበረው መምህር ይፍሩ ነው» አላት። «እዚሁ ሠፈር ያስተምራል።»

በማግሥቱ መምህር ይፍሩ ሮማነወርቅ ጠርታው ሥዕሉ የታተመበትን መዳብ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። «ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሠራሁት ነው። ፊደሉን ገልብጬ መጻፍ ረስቼ ነው» አለ።

አቶ ደግፌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መምህር፣ እናከብርዎታለን። ግን በአሠራራችን ሠሪው በሕይወት ካለ ቅርስ አይባልም።»

«እና ልሙት?»

«እንደሱ አላልንም» አሉ፤ ጸሐፊው ይህንንም መዘገበ።

ከዚያ በሥዕሉ ዕድሜ ላይ እጅ ወጣ። አምስት ሰው መቶ ዓመት፣ ሮማነወርቅ ብቻዋን አሥራ ሁለት። ይፍሩ ድምፅ አልነበረውም። መዳቡንም «ተጨማሪ ግኝት» ብለው በደረሰኝ አስቀሩበት።

በጉባኤው ቀን ሥዕሉ በመስታወት ውስጥ ተሰቀለ። ይፍሩ ከተማሪዎቹ ጋር ተሰልፎ ገባ። ጠጋ ብሎ ሊያየው ሲል ጥበቃው «አባቴ፣ ቅርስ ነው፤ ራቅ ይበሉ» አለው። ወደ ሮማነወርቅ ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

«ስሜን እንኳ የሆነ ቦታ ጽፈሽዋል?»

«የምዝገባ ቅጹ ላይ፣ ሁለተኛው ገጽ። ከነዓመተ ምሕረቱ።»

«ማን ያነበዋል?»

«ማንም» አለች። «ለዚህ ነው የማያጠፉት። ለማጥፋት መጀመሪያ ማንበብ አለባቸው።»