ለቶሜክ ያቆየሁት መልእክት

ትናንት ልጄ ለጉልበቴ ቅባት ገዝታልኝ ከፌርፋክስ የሐበሻ ሰፈር መጣች። ክዳኑን ስከፍተው ያ የካምፎር ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ወዲያው ቶሜክ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። "ዳዲ፣ ቅባቱ ነው እንዴ ያስለቀሰህ?" ብላ ሳቀችብኝ። አዎ አልኳት፤ ሌላ ምን እላታለሁ።

ቶሜክ ፖላንዳዊ ነው፤ የባስኬት ተጫዋች። እኔ ከሱዳን በመጣሁ በዓመቱ ሆሊውድ አንዲት ክፍል ተጋርተን ስንኖር ሁለታችንም ጎረምሶች ነበርን። ቀን ቀን የሰው መኪና ፓርክ እናደርጋለን፤ እሱ ከቁመቱ የተነሣ እንደ ታጣፊ አልጋ ተጣጥፎ ነበር መኪና ውስጥ የሚገባው። ከሥራ በኋላ ሜዳ ወርዶ ኳሷን ሲያስገባ እኔ ተቀምጬ በአማርኛ እቆጥርለታለሁ፤ እስከ መቶ ያወቀው እንደዚያ ነው። ሲመለስ ጉልበቱን በዚያ ቅባት ያሻል፤ ክፍላችን ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይሸታል።

በሀገሩ የታወቀ ተጫዋች ነበር፤ እዚህ ግን ማን ያውቀዋል? በስንት ልመና አንድ ቡድን "ና እንይህ" አለው። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሱ ሜዳ ሄዶ ሳለ ስልክ ጮኸ። እህቱ ናት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እናታችን በጣም ታማለች፣ ስሙን እየጠራች ነው፣ ዛሬውኑ ይደውል አለችኝ።

እኛ ደግሞ ያደግነው ክፉ ወሬ እንደ ዋዛ አይነገርም ተብለን ነው። ሰው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ወገን ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ሶ፣ ልጁ መጀመሪያ ይጫወት፣ ይቅናው ብዬ መልእክቱን ያዝኩት። "ስልክ ተደወለ?" ሲለኝ "የለም" እያልኩ ሳህኑ ላይ እጨምርለት ነበር።

ተጫወተ፤ ወሰዱት። እሱ እዚያው ሳለ እህቱ ደግማ ደወለች። እናትየው አርፈዋል።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቶቻችንን ሰብስቤ ቀሰቀስኩትና እህቱ ሁለቴ እንደደወለች፣ እናቱም እንዳረፉ ነገርኩት። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "አይዞህ የኔ ልጅ" እያሉ አቀፉት። እሱ ግን በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤

"መጀመሪያ ሲደወል በሕይወት ነበረች?"

"አዎ" አልኩት።

ሀገሩ ገባ፤ አልተመለሰም። ቡድኑ ሌላ ሰው ወሰደ። እህቱ ጋ ስደውል፣ ኳስ የሚባል ነገር ትቷል፣ አንተንም ማናገር አይፈልግም አለችኝ። ከዓመታት በኋላ የራሴን እናት መርዶ ወገኖቼ በጎሕ ሲያረዱኝ፣ አፌ ላይ የመጣው የእሱ ጥያቄ ነበር። የኔዎቹም "አዎ" አሉኝ።

አሁን የልጄ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲጮህ፣ ሻወር ውስጥ እንኳ ብትሆን እያነከስኩ ሄጄ በሩን እደበድባለሁ። "ዳዲ፣ ማስታወቂያ እኮ ነው!" ትለኛለች። ይሁን። ብቻ ይድረሳት።