በጅራት በኩል የታየው የሰሜን ኮከብ

ሬጂናልድ ቲስዴል በጦርነቱ አንድ ከባድ ስሕተት ሠራ፤ መንግሥትም ስለዚያ ስሕተት የጀግንነት ሜዳይ ሸለመው። ስሕተቱን ያረመው ክሊፍ ማበት ፈሪ ተብሎ ተባረረ። በሊንከንሻየር በምትገኘው ሆልተርቢ መንደር እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመልከት የደፈረ ሰው ለሰባት ዓመት አልተገኘም። ቲስዴልም ራሱ አልደፈረም ነበር፤ ይህንንም ከማንም በፊት በራሱ ላይ መዝግቦታል።

ቲስዴል በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ናቪጌተር ነበር፤ መንገድ የሚመራ፣ ካርታና እርሳስ የያዘ ሰው። ናቪጌተር አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በየስድስት ደቂቃው ይመዘግባል። ስድስት ደቂቃ የሰዓት አንድ አሥረኛ ነውና በብርድ የደነዘዘ አእምሮም በአሥር ማባዛት አያቅተውም። መዝገቡን ሲያርፉ ያስረክባል፤ ቲስዴል ግን ስሕተቱን ለማረም በማግስቱ በራሱ ደብተር ላይ ይገለብጠው ነበር።

ከአሥራ ዘጠነኛው በረራቸው ሲመለሱ የጥይት ፍንጣሪ ኮምፓሱን መታው። መርፌው አልቆመም፤ በሙሉ ልብ ሐሰት ያመለክት ጀመር። ቲስዴል ከመጋረጃው ጀርባ፣ በትንሽ መብራት ሥር አቀርቅሮ መርፌውን አመነ። ክሊፍ ግን በአውሮፕላኑ ጅራት፣ ፊቱን ወደ መጡበት አዙሮ፣ መትረየሱን ይዞ ብቻውን ተቀምጧል።

«ሬጅ፣» አለ በመነጋገሪያው፤ «ወደ ቤት ከሆነ የምንሄደው፣ የሰሜን ኮከብ ግራ ጆሮዬ ላይ መሆን አልነበረባትም? ይኸው ዐይን ለዐይን እየተያየን ነው።»

«አንተ መትረየስህን ጠብቅ። ሒሳቡን ለእኔ ተወው።»

«እሺ ጌታው። ግን እሷ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም፤ የዞርነው እኛ ነን።»

ቲስዴል እንዲህ ጻፈ፦ «ከሌሊቱ 8፡18። የጅራት ተኳሹ ስለ ሰሜን ኮከብ ተናገረ። አልተቀበልኩትም።» ቀጣዩ መሥመር ደግሞ፦ «8፡24። ኮከቧን አየሁ። ተኳሹ ትክክል ነው። ኮምፓሱ ዘጠና ዲግሪ ያህል ስቷል።» ወደ ምዕራብ የሚሄዱ መስሏቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ጠላት ምድር እየዘለቁ ነበር። መሬት ሲነኩ የቀራቸው ነዳጅ ስድስት ደቂቃ አያስኬድም ነበር። አንድ መሥመር ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ በአውሮፕላኑ የነበሩት ሰባት ሰዎች ሁሉ ባሕር ውስጥ ነበሩ።

በዚያ ሌሊት አልጋው ላይ ያደረ አንድ መኮንን የሜዳዩን ወረቀት ጻፈ፦ «ሳጅን ቲስዴል በላቀ ንቃቱ የኮምፓሱን ብልሽት ደርሶበት...» ክሊፍ የሚል ቃል የለበትም። ሜዳዩን ሲሰኩለት ቲስዴል ዕድሜው ሃያ ሁለት ነበር። ዝም አለ።

ለሃያ አራተኛው በረራ ሊነሡ ሲሉ ክሊፍ የአውሮፕላኑ መሰላል ሥር ቆሞ «እግሬ እምቢ አለኝ» አለ። ሐኪም መረመረው፤ ምርመራው አራት ደቂቃ ፈጀ፤ ለአንድ የካርታ ምዝገባ እንኳ የማይበቃ ጊዜ። ጓደኞቹ ተሰልፈው እያዩ የደረቱን የበራሪነት ምልክት በምላጭ ቀደው አነሱበት፤ በፋይሉም ላይ «ጽናት የጎደለው» ብለው ጻፉ።

ከጦርነቱ በኋላ ቲስዴል የአውቶቡስ የጉዞ ሰሌዳ አዘጋጅ ሆነ፤ ክሊፍ ደግሞ ድንች ለቃሚ። በሰባተኛው ዓመት መንደሪቱ በአዳራሿ ውስጥ የዘማቾችን ስም በወርቅ ቀለም ያጻፈችበት የባሉጥ እንጨት ሰሌዳ ሰቀለች። የቲስዴል ስም ከነሜዳዩ አናት ላይ ነው። የክሊፍ የለም። ቲስዴል ደብተሩን ይዞ ወደ ድንች መጋዘኑ ሄደ።

«ተው ሬጅ፣» አለ ክሊፍ ጆንያውን እየሰፋ። «ስሜ ቢሰቀል ድንቹ ራሱን አይለቅምም።»

«ልጅህ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ አዳራሽ መዝሙር ትለማመዳለች። ማንበብ ትችላለች።»

ክሊፍ መርፌውን አቆመ። «ባለፈው ሳምንት ጠይቃኛለች። ቀለም አልቆባቸው ነው አልኳት።»

ቲስዴል ከዚህ በኋላ አልተከራከረም። በቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በሰሌዳው ኮሚቴ ፊት ቆሞ ሁለቱን መሥመሮች አነበበ፤ «አልተቀበልኩትም» የምትለዋን ሁለት ጊዜ።

ሊቀመንበሩ ፐርሲ ብራምሊ ባለ ከብት ነው። «ሚስተር ቲስዴል፣ ሕጋችን በክብር የተሰናበተ ይላል። ደግሞስ ሜዳይዎ ሐሰት ነው እያሉን ነው?»

«ሜዳዩ እውነተኛ ብር ነው። ሐሰቱ ወረቀቱ ነው።»

«እንዲህ ያለው ወሬ ቢወጣ፣ ዘምተው የሞቱት ልጆች...»

«ፐርሲ፣ አንተ ጦርነቱን ሁሉ ላም ስታልብ ነው የከረምከው፤ ስለ ሞቱት አትናገር፣» አለች ኦሊቭ ስክሪምሾ። በጦርነቱ የሞተው የልጇ የአለን ስም ሰሌዳው ላይ ሦስተኛ ነው።

«ወተቱን አንቺም ጠጥተሻል፣ ኦሊቭ።»

እሷ ግን ወደ ቲስዴል ዞራለች። «ንገረኝማ አንተ ልጅ፣ አትዋሸኝ። አለንም እንዲህ ይፈራ ነበር?»

«ሁላችንም እንፈራ ነበር፣ እመቤቴ። ክሊፍ ሃያ ሦስት ጊዜ ፈርቶ ወጥቷል።»

«እንግዲያው ስለ ሃያ ሦስቱ ይጻፍለታ!»

ድምፅ ተሰጠ፤ የክሊፍ ስም ይጻፍ ያሉት ሦስት ለሁለት ተሸነፉ። ቲስዴል ኮፍያውን አነሳ። «እንግዲያውስ የእኔን ፋቁት።» ብራምሊ ሳቀ። ቲስዴል አልሳቀም፤ ስሙ እንዲፋቅ የሚጠይቅ፣ የፈረመበትን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ስሞቹን የጻፈው ሠዓሊ ፋቀው፤ በሰሌዳው አናት ላይ አንድ ስም የሚያህል ገረጣ ያለ ባዶ እንጨት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በየኅዳሩ፣ መንደሪቱ ለሙታን ዝም በምትልበት እሑድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ቲስዴል ከባዶው ሥር ይቆማል። ደብተሩን ገልጦ ሳያንሾካሹክም ሳይጮኽም፣ ድምፁን ለማንበብ ያህል ብቻ አውጥቶ ሁለቱን መሥመሮች ያነባል። ስድስቱ ደቂቃ ሲሞላ ደብተሩን ዘግቶ ከሌሎቹ ጋር ዝም ይላል። የመጀመሪያው ዓመት ፊታቸውን አዞሩበት። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንዱ «አበደ» አለ። በሦስተኛው ዓመት ኦሊቭ ስክሪምሾ መጥታ አጠገቡ ቆመች። በአራተኛው የቆሙት አሥራ አንድ ነበሩ፤ ልጆች ባዶውን እያሳዩ ወላጆቻቸውን ይጠይቁ ጀመር፤ ብራምሊንም የልጅ ልጁ ጠየቀው። በየካቲት ኮሚቴው እንደገና ድምፅ ሰጠ። የብራምሊ እጅ መጨረሻ ላይ፣ እስከ ትከሻው ሳይደርስ ወጣ፤ ግን ወጣ።

ሠዓሊው «ክ. ማበት» ብሎ በባዶው ላይ ጻፈ። «የእርስዎንም ከሥሩ ልመልሰው?» ሲል ቲስዴልን ጠየቀው።

«የለም። የአየር ኃይሉ ሚኒስቴር ዘንድ ያለው የክሊፍ ፋይል ገና አልተፋቀም።»

ክሊፍ ልጁን በእጁ ይዞ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰሌዳውን ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ቀለሙ ተገኘ ማለት ነው፣» አላት።

ሰኞ ጠዋት ቲስዴል ሜዳዩን ከሁለቱ መሥመሮች ቅጂ ጋር በትንሿ ሳጥን አሽጎ ወደ ፖስታ ቤት ወሰደው። ከዚያ በፊት ሚኒስቴሩ አራት ጊዜ መልሶ ልኮለት ነበር፤ «ጉዳዩ ዳግም አይታይም» ከሚል ወረቀት ጋር። ቲስዴል ሳጥኗን የሰጠበትን ሰዓት በደብተሩ ላይ መዘገበ፤ ይህ አምስተኛው ነበር።