የቨርን ሃሎራን ወለል

ቨርን ሃሎራን ለሰው ልጅ ያልሰጠውን ትዕግሥት ለአንዲት እንሽላሊት ከየት አምጥቶ ሰጣት? ክላይቭ ይህን ብዙ ጊዜ አስቦበታል። የቨርንን እህት አይሪስን አግብቶ፣ ከቨርን ጋር ከመንገዱ ማዶና ማዶ ሆነው ግማሽ ዕድሜያቸውን ፊት ለፊት ሲተያዩ ኖረዋል። ሆኖም ስለ አማቹ አፉን ሞልቶ መናገር የሚችለው ስለ እጁ ሥራ ብቻ ነው።

ቨርን የቴኒስ ሜዳ ሠሪ ነበር። በዊልጋ ፍላት መንደርና በዙሪያዋ ባሉት የበግ እርሻዎች ሰው ሁሉ እሁድ እሁድ ቴኒስ በሚጫወትበት ዘመን፣ ሜዳው የሚሠራው ከምስጥ ኩይሳ ነበር። ኩይሳውን በድጅኖ ይገምሱታል፣ ያደቅቁታል፣ በወንፊት ይነፉታል፣ ውሃ አርከፍክፈውም በከባድ የብረት መዳመጫ ይዳምጡታል። ሲደርቅ ከሲሚንቶ አይተናነስም። ሙያውን የሚያውቅ ሌላም ሰው ነበር፤ እንደ ቨርን የሚጨነቅበት ግን አልነበረም። ሌላው በማግስቱ የሚያስረክበውን ሜዳ እሱ ሳምንት ይዞ ይቆያል። ማለዳ ማለዳ በሆዱ ተኝቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉብታ ሲፈልግ ይታያል። አንድ እርሻ ላይ ሠርግ ተደግሶ ሙሽራይቱ ባለ ተረከዝ ጫማዋን እንዳደረገች አዲሱን ሜዳ ልትረግጥ ስትል፣ ከእንግዶቹ መሃል ተነስቶ ጫማዋን አስወልቋታል። ባዶ እግሯን ስትጨፍር አመሸች።

ከዚያ የፕላስቲክ ሣር መጣ። ሜዳዎቹን አረም በላቸው፣ ወጣቱም ወደ ባሕር ዳርቻው ከተሞች ሄደ። መዳመጫው በቨርን ጓሮ ዝጎ ቀረ።

እንሽላሊቶቹን ያመጣችበት የክላይቭና የአይሪስ ልጅ ጆስሊን ናት። ነርስ ነች፤ ወደ ባሕር ዳርቻ ስትዛወር የተከራየችው ቤት እንስሳ አያስገባም ነበር። አይሪስ ደግሞ ደረቱ መሬት የሚነካ ፍጥረት በቤቴ አይገባም አለች። ስለዚህ ሁለቱ ጢማም እንሽላሊቶች፣ ወንዱ ዱክና ሴቷ ፍሎሲ፣ ለአንድ ወር ብቻ ተብሎ አጎቷ ቨርን ቤት ገቡ። ያ ወር ዓመታት ሆነ።

የመጡት በመስታወት ሣጥን ነው፤ ሥሩ ላይ ከሱቅ የተገዛ፣ እንደ ስኳር የሚያበራ ልቅ አሸዋ ተነስንሶበታል። ቨርን ገና ሲያየው አልወደደውም። ብዙም ሳይቆይ ዱክ በረሮ ሲለቅም አሸዋውንም አብሮ እየዋጠ ሆዱ ደረቀ፤ የኋላ እግሩን መጎተት ጀመረ። ቨርን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እያስቀመጠ ሆዱን ወደ ታች በአውራ ጣቱ ሲያሸው ሰነበተ። በመጨረሻ ዱክ እንደ ጠጠር የደረቀ የአሸዋ ጓል ጣለ። ቨርን ጓሉን በጣቶቹ ፈርፍሮ ካየው በኋላ አሸዋውን ሁሉ ከነሣጥኑ አውጥቶ ደፋው።

“ይሄ ለዓይን የተሠራ ነው” አለ ለክላይቭ። “ለሆድ አይደለም።”

ለእንሽላሊቶቹ ቤት የሠራው በረንዳው ላይ ነው። የበረንዳውን አሮጌ ሳንቃ ነቅሎ እስከ መሬቱ ወረደ። በሦስት ጎን ቆርቆሮ አቆመ፣ ከላይ ለቁራና ለጭልፊት መከላከያ ወንፊት ሽቦ ወጠረ። አንደኛው ጫፍ የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኝ፣ ሌላኛው ቀኑን ሙሉ ጥላ እንዲሆን አደረገ። የሚወጡበት የግራር ግንድ፣ የሚሞቁበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባ። ወለሉን ግን ከኩይሳ ሠራው። ቦታው ለመዳመጫው ስለማይበቃ በእንጨት መደቅደቂያ፣ ተንበርክኮ፣ ስንዝር በስንዝር ደቀደቀው። ውሃ ልክ ሲያስቀምጥበት አረፋዋ መሃል ላይ ቆማ አትነቃነቅም።

ሰዉ ሊያይ መጣ። ክላይቭ መረቡ መቼ ነው የሚወጠረው እያለ ያሾፍ ነበር። አይሪስ ደግሞ ወጥ ቤትህን እንዲህ ብትይዝ ኖሮ ሚስት አታጣም ነበር አለችው። ቨርን ከንፈሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ፈገግ አለ፤ ለእሱ ይህ ሳቅ ነው። ልቅ አሸዋ የለም፣ የሚዋጥ ነገር የለም። ሥራው እንከን የማይወጣለት መሰለ፤ እስከ ጥቅምት ድረስ።

በጥቅምት፣ በዚያ አገር የሙቀቱ ወራት ሲገባ፣ የፍሎሲ ሆድ ግራና ቀኝ ተነፋ፤ ቆዳዋ ላይ የእንቁላሎቹ ክብ ክብ ቅርጽ ይታይ ጀመር። መብላት ተወች። ከዚያ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ጥግ ላይ ሄዳ ወለሉን በጥፍሯ ትቧጥጥ ገባች። ትቧጥጣለች፣ ታርፋለች፣ ደግማ ትቧጥጣለች። ወለሉ ላይ ከጭረት በቀር ምንም አልወጣም። በማግስቱ ክላይቭ ሲመጣ ቨርን እንሽላሊቷን መዳፉ ላይ አስቀምጦ የፊት እግሯን ሲያይ አገኘው። ሁለት ጥፍሮቿ ደምተዋል።

የእንስሳት ሐኪሟ ያለችው ግማሽ ቀን መንገድ ተነድቶ ነው። በስልክ በትዕግሥት አስረዳችው፦ የምትቆፍርበት እርጥብ፣ ሲቆፈር የማይናድ አሸዋ ስጣት፤ ካልጣለች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ይገድላታል። እስከ ነገ ወዲያ ካልጣለች አምጣት፣ ቀዶ ሕክምና እናደርግላታለን፤ ነገር ግን በዚህ ዕድሜዋ ከማደንዘዣው ላትነቃ ትችላለች። ቨርን አመስግኖ ስልኩን ዘጋና ወደ ፒካፑ ሄደ።

መጀመሪያ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ በትልቅ ገንዳ ሞልቶ አስገባላት። ገባችበት፤ ጭንቅላቷ እስኪሰወር ቆፈረች፤ የወንዙ አሸዋ ሻካራ ነውና የጉድጓዱ ጣሪያ ወረደባት። አቧራዋን አራግፋ ወጥታ ወደዚያው ጥግ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ቨርንና ክላይቭ ከመንደሩ ውጪ ወዳለው ቀይ የአሸዋ ክምር ነዱ። እዚያ ቨርን በየቦታው እየወረደ አንድ እፍኝ ያነሳል፣ ከኮዳው ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ ጨብጦ ይከፍተዋል። ቶሎ የሚፈርሰውን ይጥላል። መዳፉ ላይ እንደ ጭቃ የሚለጠፈውንም ይጥላል። በመጨረሻ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ያነሳው፣ እጁን ሲከፍት የጣቶቹን ቅርጽ ይዞ ቀረ። በአውራ ጣቱ መሃሉን በሳው፤ ቀዳዳው አልተናደም።

“ይሄ ነው” አለ። ጆንያዎቹን ሞሉ።

የገንዳውን አሸዋ በዚህኛው ለወጠው። ፍሎሲ ጫፉ ላይ ቆማ አየችው፤ አልገባችም። ተመልሳ ወደ ጥጉ ሄደችና የደማ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። ቨርን ሌሊቱን እንደ ትናንቱ ሁሉ ወንበሩ ላይ አሳለፈው። ጠዋት ክላይቭ ሻይ ይዞለት ሲመጣ እሷም እሱም እዚያው ናቸው። ዱክ ብቻ ግንዱ ላይ ተዘርግቶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ክላይቭ ሊናገር አልፈለገም ነበር። ወለሉ ስንት ተንበርክኮ እንደተሠራ ያውቃል። ሆኖም ሌላ የሚናገር ሰው አልነበረም።

“ቨርን፣ ቦታዋን መርጣለች።”

“አይቻለሁ።”

“ገንዳው ጥሩ ነው፤ ግን እሷ...”

“አይቻለሁ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ። ዓይን አለኝ።”

ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠና ወደ ጓሮ ሄደ። ክላይቭ ተቆጣ ብሎ ሊከተለው ሲነሳ፣ ድጅኖውን ይዞ ሲመለስ አየው። ፍሎሲን በባርኔጣው ውስጥ አድርጎ ለክላይቭ አስያዘው። የመጀመሪያው ምት ነጥሮ ተመለሰ፤ ወለሉ ላይ ነጭ ነጥብ ብቻ ቀረ። ክላይቭ ልተካህ ቢለው ራሱን ነቀነቀ።

“እኔ ነኝ የዘጋሁባት” አለ።

በሦስተኛው ምት ወለሉ ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ እንደ ሸክላ እየተላጠ ወጣ። ጥጉን ሁሉ፣ ከዚያም አልፎ የወለሉን እኩሌታ አነሳው፤ ክንዱ እስከ ክርኑ እስኪገባ ቆፈረ። ቀዩን አሸዋ እያረጠበ ሞላው። እንዳይናድ ብሎ የራሱን ወለል ፍርስራሽ አድቅቆ ትንሽ ትንሽ ቀላቀለበት። ሲጨርስ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር። ፍሎሲን ከባርኔጣው አወጣና አሸዋው ላይ አስቀመጣት፤ ሁለቱም ሰዎች ሰው ስታይ ትተዋለች ብለው ቤት ገብተው ከመስኮቱ ወዲህ ሆነው ተቀመጡ። አይሪስ የበሬ ሥጋ ሳንዱዊች ይዛ መጥታ፣ እሷም እንሽላሊት አልወድም ያለችውን ረስታ በመጋረጃው ጥግ ታይ ገባች።

ፍሎሲ መሬቱን በምላሷ ቀመሰች። ቆፈረች። አሸዋው በቀረው ለስላሳ ወለል ላይ ተበተነ፤ ቨርን ይህን ሲያይ ክላይቭ ፊቱን አየው፤ አልተከፋም። ጅራቷ ብቻ ቀረ፤ ቀጥሎ እሱም ጠፋ። ጉድጓዱ አልተናደም። ቀትር ካለፈ ቆየት ብሎ ዞራ ራሷን ብቻ አውጥታ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ታየች። እንቁላሏን እየጣለች ነበር።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ወጣች፤ ሆዷ ተጣጥፎ፣ የዳሌዋ አጥንት ቆሞ። ወዲያው አልሄደችም። አሸዋውን በእግሯ ወደ ጉድጓዱ መለሰች፤ ከዚያ በአፍንጫዋ ጫፍ መታ መታ እያደረገች ታስተካክለው ጀመር። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትመታለች፣ ትመለሳለች፣ ያንኑ ቦታ ደግማ ትመታለች። በመጨረሻ ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደነበር ክላይቭ መለየት አቃተው።

“አየህ?” አለ ቨርን ቀስ ብሎ። “ትዳምጣለች። ያለ ውሃ ልክ።”

“ካንተ ትሻላለቻ።”

“ትሻላለች” አለ ቨርን፤ ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ተቀብሎ።

ፍሎሲን ውሃ በጠብታ አጠጣት፤ አንድ በረሮ ከእጁ ላይ ወሰደች። እንቁላሎቹን ምን እናድርጋቸው ብላ አይሪስ ስትጠይቀው፣ ለጆስሊን ደውዪላት፣ እንሽላሊቶቹን የማሳደጊያው ፈቃድ በስሟ ነው፣ ትምከርበት አላት። ድጅኖውን አንስቶ ቆርቆሮው ላይ አስደገፈ፤ የፈረሰውን ወለል አንዴ ዞሮ አየና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አይሪስ ጫማህን ላውልቅልህ ብላ ጎንበስ አለች። አገጩ ደረቱ ላይ ወርዷል፤ ጣቶቹ መሃል ቀይ አሸዋ አለ። ፀሐይዋ ገና ቆርቆሮው ላይ ነበረች፤ ቨርን ሃሎራን ከሁለት ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ የወሰደው ያን ቀን ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።